ስንቱ አጠና፣ ስንቱ ማገር? የሰሜን ሸዋን ባሕር ዛፍ በውፍረት ስርጭት ማየት

ከሸኖ ተነስቶ በጫጫ አድርጎ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ ሰው ግራና ቀኙን የሚያጅበው ባሕር ዛፍ ነው። በገብስ ማሳው ዳር አለ። በጓሮ አለ። ሌላ ነገር በማያበቅለው ተዳፋት ላይም አለ። ለባሶና ወራና ወይም ለአንጎለላና ጠራ ገበሬ የልጅ ትምህርት ወጪ፣ ሠርግ ወይም የማዳበሪያ ዕዳ ሲመጣ እጁ የሚዘረጋው ወደዚህ ዛፍ ነው።

ሲሸጥ ታዲያ ብዙውን ጊዜ በቁሙ ነው። ነጋዴው ከደላላው ጋር ይመጣል። ዳር ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ አየት አየት ያደርጋል። ዋጋ ይጠራል። ባለቤቱ ትንሽ ይከራከራል፣ ከዚያ ይጨባበጣሉ። በዚህ ሁሉ መሀል ሜትር የነካው አንድ ዛፍ የለም።

ዋጋው ግን የተንጠለጠለው ባልተለካው ነገር ላይ ነው። ባሕር ዛፍ እንደ ውፍረቱ ስሙም ዋጋውም ይለያያል። ቀጫጭኑ ማገርና አጥር ይሆናል። መካከለኛው አጠና ተብሎ ለግንባታ መወጣጫና ለጣራ ይጫናል። ወፈር ያለው ቋሚና ወራጅ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ለመብራት ምሰሶ ወይም ለጣውላ ይፈለጋል። የተረፈው ቅርንጫፍና ጭራሮ ወደ ምድጃ ይሄዳል። ስለዚህ «አምስት ሺህ እግር ባሕር ዛፍ አለኝ» የሚል ሰው ስለ ገንዘቡ ገና ምንም አልነገረንም። ማወቅ የሚገባን ስንቱ ማገር፣ ስንቱ አጠና፣ ስንቱ ምሰሶ እንደሆነ ነው። የደን ባለሙያዎች ይህን የውፍረት ስርጭት ይሉታል። የዛፍ ብዛትና አማካይ ውፍረት ይዘን ብቻ ጫካችንን እናውቀዋለን ማለት አንችልም። ስርጭቱን ማወቅ ደግሞ ብዙዎች ከሚያስቡት በላይ ቀላል ነው፤ ሜትር፣ ገመድ፣ ደብተርና ትንሽ ስሌት ይበቃዋል።

ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። አዲስ አበባ ማገዶ አጥሯት ነበር። ከዚያ ወዲህ ደጋውን ወርሶታል። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ዙሪያ የሚስማማው ነጩ ባሕር ዛፍ ነው፤ ቀዩ ሞቅ ያለ አገር ይወዳል። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ለጋውን ችግኝ ያቃጥለዋል፣ ያመለጠው ግን ይገፋል። በዚህ ደጋ እንጨት ሲጠፋ የሚነደው ኩበት ነው። ኩበት ነደደ ማለት ማሳው ፍግ አጣ ማለት ነው። ባሕር ዛፍ ውሃ ይመጥጣል፣ ከሥሩ እህል አያበቅልም የሚለው ክርክር እውነት አለበት። ግን ዛፉ ከምድጃውም ከገብሱም ጋር የተሳሰረ መሆኑን የሚረሳ ክርክር ለገበሬው አይጠቅመውም።

በአገራችን ስለ ዛፍ ሲወራ የሚጠራው ቁጥር የችግኝ ቁጥር ነው። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ሚሊዮንና ቢሊዮን መስማት ለምደናል። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ገልጿል። መትከሉ ይበል የሚያሰኝ ነው። «ስንቱ ጸደቀ?» የሚለው ጥያቄም እየተለመደ መጥቷል። እኔ ሦስተኛ ጥያቄ እንዲጨመር እፈልጋለሁ። የጸደቀው ምን ያህል ወፈረ? ውፍረቱስ በዛፎቹ መካከል እንዴት ተከፋፈለ?

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ ክረምት የተተከለ ጫካ ውስጥ ገብታችሁ የእያንዳንዱን ዛፍ ውፍረት (ዙሪያውን ሳይሆን ግንዱ ከዳር እስከ ዳር ያለውን) ለካችሁ እንበል። ከ2 እስከ 4 ሴንቲሜትር ያሉትን አንድ ላይ፣ ከ4 እስከ 6 ያሉትን አንድ ላይ እያደረጋችሁ ቁጥራቸውን በወረቀት ላይ በዘንግ ብትስሉ ጉብታ ይወጣል። ጥቂት ቀጫጮች፣ ብዙ መካከለኞች፣ ጥቂት ወፍራሞች። ዕድሜያቸው አንድ ቢሆንም ውፍረታቸው አንድ አይሆንም። አንዱ ጥልቅ አፈር ደርሶታል፣ አንዱ ከድንጋይ ላይ ወድቋል። አንዱን ከብት ነክሶታል፣ አንዱን ጎረቤቱ ቀድሞ በቅሎ ብርሃን ከልክሎታል።

የተፈጥሮ ደን መልኩ ሌላ ነው። በአንኮበርና በጣርማበር በኩል ገደሉን ይዞ የተዘረጋውን ወፍ ዋሻን አስቡት። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው፣ ወደ ላይ ደግሞ አስታው በዕድሜ የተለያየ ነው። በእንዲህ ያለ ደን ጤና ካለ በጣም ብዙ ቀጫጭን፣ እየቀነሰ የሚሄድ መካከለኛ፣ በጣም ጥቂት ግዙፍ ዛፍ ይጠበቃል። መስመሩ ከላይ ጀምሮ ቁልቁል ይወርዳል። ይህን ፈረንሳዊው የደን ባለሙያ ደ ሊዮኩር እ.ኤ.አ. በ1898 አሳይቶታል። ከቁልቁለቱ መጀመሪያ ላይ ቀጫጭኑ ጎድለው ከተገኙ ደኑ ልጅ እያሳደገ አይደለም ማለት ነው። ሽማግሌ ዛፎቹ እስካሉ ድረስ ደኑ ከሩቅ ሲያዩት ያማረ ነው፣ ችግሩን የሚያጋልጠው ስርጭቱ ነው። ስለዚህ ለተተከለ ባሕር ዛፍና ለወፍ ዋሻ አንድ ዓይነት መስመር መጠበቅ ስህተት ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ጉብታውን በጥቂት ቁጥሮች መግለጽ የሚችል ቀመር ያስፈልጋል። ለዚህ በደን ሥራ ውስጥ በጣም የተለመደው የዋይቡል ስርጭት ነው። ስሙ የመጣው ከስዊድናዊው መሐንዲስ ዋሎዲ ዋይቡል ነው። ዋይቡል እ.ኤ.አ. በ1951 ባወጣው ጽሑፍ ቀመሩን የሞከረው በዛፍ አልነበረም። የብረት ጥንካሬ፣ የጥጥ ክር፣ የሰው ቁመት፣ ሌላው ቀርቶ የቦሎቄ ፍሬ ስፋት ላይ ሞክሮታል። ወደ ደን ያመጡት ቤይሊና ዴል የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1973። የተወደደበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቀመሩ እንደ ቁጥሩ ጉብታም ይሆናል፣ ቁልቁለትም ይሆናል፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ያጋድላል።

ቀለል ባለው መልኩ ሁለት ቁጥር ብቻ አለው። አንደኛው የስፋት ቁጥር ነው። ከዛፎቹ 63 ከመቶ ያህሉ ከዚህ ውፍረት በታች ናቸው። ሁለተኛው የቅርጽ ቁጥር ነው፣ ዋናው ጨዋታ ያለውም እሱ ላይ ነው። ከ1 በታች ሲሆን እንደ ተፈጥሮ ደን ቁልቁል የሚወርድ መስመር ይሰጣል። ከ1 በላይ ሲሆን ጉብታ ይወጣል፣ የቀኙ ጭራ፣ ማለትም የወፍራሞቹ በኩል፣ ግን ረዥም ነው። 3.6 አካባቢ ሲደርስ ግራና ቀኙ የተመጣጠነ ይሆናል። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ዛፎቹ በውፍረት እየተቀራረቡ ይሄዳሉ። ሦስተኛ ቁጥር የሚጨምሩም አሉ፤ እሱ የመጨረሻው ቀጭን ዛፍ ከየት እንደሚጀምር የሚነግር ነው።

በምሳሌ እንየው። ሁለት ጎረቤታሞች እያንዳንዳቸው አንድ ሄክታር ባሕር ዛፍ አላቸው እንበል። ሁለቱም ጋ 5,000 እግር አለ። የሁለቱም አማካይ ውፍረት 8 ሴንቲሜትር ነው። በሪፖርት ላይ ሁለቱ ጫካዎች አንድ ናቸው። የመጀመሪያው የቅርጽ ቁጥር ግን 3.6 ነው፣ የስፋቱ 8.88። የሁለተኛው ቅርጽ 1.8 ነው፣ ስፋቱ 9 ገደማ።

ከ12 ሴንቲሜትር በላይ የሚወፍሩት ስንት ናቸው? ለመጀመሪያው 12ን ለ8.88 አካፍሉ፤ 1.35 ይመጣል። ስልካችሁ ላይ ባለው ካልኩሌተር ያንን ለ3.6 ፓወር ከፍ አድርጉት፤ 2.96 ገደማ ነው። ቀጥሎ 2.718 የሚባለውን የታወቀ ቁጥር ለ2.96 ፓወር ከፍ አድርጋችሁ 1ን ለውጤቱ አካፍሉ፤ 0.052 ይሆናል። ከመቶ አምስት ማለት ነው፣ ከ5,000 ውስጥ 260 ያህል ዛፍ። ለሁለተኛው ጎረቤት በተመሳሳይ መንገድ ሲሰላ 930 ያህል ይወጣል። ከሦስት እጥፍ በላይ!

ወደ ቀጫጮቹ ስንሄድ ደግሞ ከ4 ሴንቲሜትር በታች ያሉት በመጀመሪያው 275 ገደማ፣ በሁለተኛው 1,040 ገደማ ናቸው። አንደኛው ጎረቤት ወደ 4,460 የሚጠጋ መካከለኛ እንጨት አለው። ሁለተኛው 3,030 ያህል። የግንዶቹ የተቆረጠ ገጽ አንድ ላይ ቢደመር በመጀመሪያው 27.5 ካሬ ሜትር፣ በሁለተኛው 33.5 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። ምክንያቱም ውፍረት እጥፍ ሲሆን የግንዱ ገጽ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ጥቂት ወፍራሞች ብዙ እንጨት ይይዛሉ።

የትኛው ይሻላል? እንደ ገበያው ነው። አጠና የሚጭን ነጋዴ የመጀመሪያውን ቢመርጥ ልክ ነው። ቋሚና ጣውላ የሚፈልግ ሁለተኛውን ይመርጣል። ሁለቱን ጫካ በአንድ ዋጋ መሸጥ ግን አንዱን ባለቤት መበደል ነው። ይህ በደል ደግሞ ዛሬም በግምት በሚደረግ ሽያጭ ሁሉ አለ። ማንም ስላልለካው ማንም አያየውም።

ቅርጹ ከየት ይመጣል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ትልቁ ምክንያት የአተካከል ጥበት ነው። ሁለት በሁለት ሜትር የተተከለ ጫካ በሄክታር 2,500 ዛፍ ይይዛል። አንድ በአንድ ከተተከለ 10,000 ይሆናል። ብዙ ገበሬ አጥብቦ ይተክላል፣ ከዚህም የባሰ ጥበት አለ። ለማገርና ለማገዶ ከሆነ ማጥበቡ ሞኝነት አይደለም፤ ቶሎ የሚቆረጥ ቀጫጭን ቀጥ ያለ እንጨት ይሰጣል። እየቆየ ሲሄድ ግን ፉክክሩ ይጠነክራል። ቀድሞ ከፍ ያለው ብርሃኑን ይወስዳል፣ የተበለጠው ሳይሞትም ሳያድግም ይቆያል። ስርጭቱ ይለጠጣል። አሜሪካዊው ራይኔክ እ.ኤ.አ. በ1933 ያወጣው ሕግ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በተጨናነቀ ጫካ አማካይ ውፍረቱ እጥፍ እንዲሆን ከተፈለገ መሬቱ መሸከም የሚችለው የዛፍ ቁጥር ወደ ሲሶ ይወርዳል። ገበሬው ካላሳሳው ተፈጥሮ ራሷ ታሳሳዋለች። ልዩነቱ፣ ገበሬው ሲያሳሳ የተቆረጠው አጠና ሆኖ ይሸጣል፣ ተፈጥሮ ስታሳሳ ደግሞ ደርቆ ይቀራል።

ሁለተኛው ምክንያት ጉቶ ነው። ባሕር ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ ያቆጠቁጣል። ከአንድ ጉቶ ብዙ ለጋ ቡቃያ ይወጣል፣ ባለቤቱ አንዱን ወይም ሁለት ሦስቱን አስቀርቶ ሌላውን ያነሳል። አንዳንዱ አያነሳም። ከዚህ ላይ በመጀመሪያው ቆረጣ ለምሰሶ ተብለው የተተዉ ጥቂት አሮጌ ዛፎች ቢኖሩ ወረቀቱ ላይ ሁለት ጉብታ ይወጣል፤ አንዱ የአቆጥቋጮቹ፣ አንዱ የአሮጌዎቹ። ለዚህ አንድ የዋይቡል መስመር አይበቃም። ሁለቱን ለየብቻ አስልቶ መደመር ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ «ቀመሩ አልሠራም» የሚባለው እንዲህ ዓይነት ሁለት ጫካ እንደ አንድ ሲታይ ነው።

ሦስተኛው የኛው ምሳር ነው። ገበሬ ችግር ሲገጥመው የሚቆርጠው ወፈር ያለውን ነው። ሌባም የሚወስደው ተሸክሞ የሚሸጠውን ነው። እንዲህ ሲለቀም የኖረ ጫካ የቀኙ ጭራ ተቆርጦ ይገኛል፣ መስመሩ ድንገት ይቆማል። አማካዩ በዚህ ብዙም ላይነካ ይችላል። ስርጭቱ ግን ወዲያው ያሳብቃል።

እንዴት ይለካ? ውፍረት የሚለካው ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ ነው፣ ደረት አካባቢ። ልዩ መሣሪያ ከሌለ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ግንዱን ዙሪያውን ለክታችሁ ለ3.14 ማካፈል ነው። ዙሪያው 25 ሴንቲሜትር ከሆነ ውፍረቱ 8 ገደማ ነው። የነጭ ባሕር ዛፍ ቅርፊት ረዥም ሆኖ እየተላጠ ይንጠለጠላል። ሜትሩ ከመጠምጠሙ በፊት የተንጠለጠለውን ማንሳት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ቀጭኑ ግንድ ከነልብሱ ይለካና ወፍራም ይሆናል። ሜትሩ ዘንበል ማለትም የለበትም። ተዳፋት ላይ ከሆናችሁ ከፍታውን የምትለኩት ከላይኛው በኩል ቆማችሁ ነው። ከ1.3 ሜትር በታች መንታ የሆነ ዛፍ እንደ ሁለት ይቆጠራል፣ ከአንድ ጉቶ የወጡትም እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይለካሉ።

ሁሉንም ዛፍ መለካት አያስፈልግም። 5.64 ሜትር ርዝመት ያለው ገመድ ይዛችሁ አንድ ችካል ላይ አስራችሁ ዙሩ። ያ ክብ 100 ካሬ ሜትር ነው፣ የሄክታር መቶኛ። በሄክታር 5,000 ዛፍ ካለ ክቡ ውስጥ 50 ገደማ ይገኛል። እንዲህ ያለ ክብ በተለያየ ቦታ አሥር ያህል ቢወሰድ ጥሩ ሥዕል ይሰጣል። ቦታው በዓይን መመረጥ የለበትም፤ ዓይን ሁልጊዜ ያማረውን ይመርጣል። በተወሰነ ርቀት እየተራመዱ በደረሱበት መትከል ይሻላል። በተዳፋት ላይ ገመዱ በአግድም መወጠር አለበት።

ስለ ዳር ዛፍ አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። ዳር ያለው ዛፍ በአንድ በኩል ክፍት ብርሃን ስለሚያገኝ ከውስጠኛው ይወፍራል። ነጋዴው ቆሞ የሚያየው ደግሞ ዳሩን ነው። ጫካው ከውጭ ሲያዩት ከእውነተኛው ይልቅ ወፍራም ይመስላል። ልምድ ያለው ነጋዴ ይህን ስለሚያውቅ ይጠረጥራል፤ ስለጠረጠረም ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ይጀምራል። ውስጡ እውነትም ጥሩ የሆነ ገበሬ የሌሎችን ጥርጣሬ ከኪሱ ይከፍላል ማለት ነው። በልኬት የተያዘ ስርጭት ለገበሬው ከምንም በላይ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው፣ መከራከሪያ ይሰጠዋል።

«ከለካሁ በቀጥታ ቆጥሬ ለምን አልበቃኝም? ቀመሩ ለምን?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። በቅድሙ ምሳሌ የመጀመሪያው ጎረቤት ጋ ከ12 ሴንቲሜትር በላይ የሆኑት ከመቶ አምስት ናቸው። በአንድ ክብ ውስጥ ካሉት 50 ዛፎች ሁለት ወይም ሦስት ቢገኙ ነው። አንዷ ዛፍ ክቡ ውስጥ ገባች ወይም ወጣች ማለት በሄክታር የ100 ዛፍ ልዩነት ነው። በጣም የሚሸጠውን ክፍል በጥቂት ዛፍ ላይ ተመሥርቶ መገመት አደገኛ ነው። ቀመሩ ግን ስለ ወፍራሞቹ የሚናገረው ከ50ዎቹም መረጃ ወስዶ ነው። ለዚያ ነው የሚጠቅመው።

ቁጥሮቹን ከልኬቱ ማውጣት ዛሬ ቀላል ነው። አር የሚባለው ነፃ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር በደቂቃ ይሠራዋል። በእጅም ይቻላል። ልኬቶቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድራችሁ ከመቶ 63ኛው ቦታ ላይ ያለውን ብታዩ የስፋት ቁጥሩን በግርድፉ አገኛችሁ።

መስመሩ መግጠሙን ሳያረጋግጡ ማመን ግን አይገባም። በተለምዶ የኮልሞጎሮቭ ስሚርኖቭ ፈተና ይደረጋል፤ የቀመሩ መስመር ከልኬቱ ቢበዛ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚያይ ነው። ቁጥሮቹ የወጡት ከዚያው ልኬት ከሆነ ግን ተራው የፈተና ሠንጠረዥ ይለሳለሳል፣ የማይገባውንም ያሳልፋል። እኔ የምመርጠው ሌላ መንገድ አለ። ሬይኖልድስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ያቀረቡት ነው። በእያንዳንዱ የውፍረት ክፍል ቀመሩ ስንት ዛፍ እንደሳተ ይታይና በእንጨቱ መጠን ወይም በዋጋው ይመዘናል። አምስት ጭራሮ መሳትና አምስት ምሰሶ መሳት እኩል አይደለም። ለገበሬ የሚሠራ ስሌት ስህተቱንም በገበሬው ሚዛን መመዘን አለበት።

ትልቁ ጥቅም የሚመጣው ስርጭቱ ወደፊት ሲታይ ነው። የስፋትና የቅርጽ ቁጥሮቹን ከዕድሜ፣ ከአተካከል ጥበትና ከጫካው ቁመት ጋር ማያያዝ ከተቻለ «ሁለት ዓመት ብጠብቅ ስንቱ አጠና ወደ ቋሚ ያልፋል?» ለሚለው መልስ ይገኛል። የአብዛኛው ገበሬ ጭንቀት ይኸው ነው፣ አሁን ልቁረጥ ወይስ ልጠብቅ። ለኢትዮጵያ ነጭ ባሕር ዛፍ የምርት ሞዴል ጥናት አዲስ አይደለም፤ ፊንላንዳውያኑ ፑካላና ፖህዮነን እ.ኤ.አ. በ1990 ገደማ ሠርተውበታል። ያ ሥራ ግን ለማገዶ በመንግሥት በተተከለ ጫካ ላይ ያተኮረ ነበር። የገበሬ ማሳ ዳር፣ አንድ በአንድ የተተከለ፣ ሁለት ጊዜ የተቆረጠ፣ በየዓመቱ የሚለቀም ጫካ የራሱን ቁጥር ይፈልጋል።

ይህን ለመሥራት ሰሜን ሸዋ ሰው አላጣም። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ እዚያው አለ። በየቀበሌው የግብርና ባለሙያ አለ። የሚያስፈልገው ከባሶና ወራና፣ ከአንጎለላና ጠራ፣ ከመንዝና ከጣርማበር ጥቂት ጥቂት ጫካ መርጦ፣ ክቦቹን በቋሚ ችካል አስይዞ፣ ዛፎቹን ቁጥር ሰጥቶ በየዓመቱ በአንድ ወር መለካት ነው። ከበጋው መጀመሪያ፣ ከመቆረጫው ወቅት በፊት ቢሆን ይመረጣል። ውጤቱ መጽሔት ላይ ብቻ ከቀረ ግን ለገበሬው አልደረሰም። ዕድሜን በአንድ በኩል፣ የአተካከል ርቀትን በሌላ በኩል አድርጎ በሄክታር የሚጠበቀውን ማገር፣ አጠና፣ ቋሚና ምሰሶ የሚያሳይ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ በአማርኛ ታትሞ በየገበሬ ማሠልጠኛው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

እስከዚያው ድረስ በቁሙ የሚሸጥ ሰው የሽያጭ ውሉ ላይ ከዛፉ ብዛት ጎን አራት መስመር ቢያስጨምር ይጠቀማል፦ ዙሪያው ከ13 ሴንቲሜትር በታች የሆነ ስንት፣ ከ13 እስከ 25 ስንት፣ ከ25 እስከ 38 ስንት፣ ከዚያ በላይ ስንት። በየመስመሩ ፊት ለፊት ዋጋ ይጻፍ። ነጋዴው ቁጥሩን ካላመነ ገመዱን ይዘው አብረው ይግቡና ይለኩ።